ሁለት ልጆች ከኩዊንስ፦ ሳይመንና ጋርፈንከል ዝና ሳያገኛቸው በፊት

ፖል ሳይመንና አርት ጋርፈንከል የመጀመሪያው ሸክላቸው ሲታተም አስራ ስድስት ዓመት ገደማ የሆናቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1957 ነው። በገዛ ስማቸው ያወጡት ዘፈን የአሜሪካን የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ የመራው ግን በጥር 1966 መጀመሪያ ላይ ነው። በመሐል ያሉት ስምንት ዓመታት ስም የተቀያየረባቸው፣ ሸክላ እየታተመ ሳይሸጥ የቀረባቸው፣ ጓደኛሞቹ ተቀያይመው የከረሙባቸው፣ አንድ ሙሉ አልበም ወጥቶ ሰሚ ያጣባቸው ናቸው። ስለ ሁለቱ ሲወራ ይህ ዘመን ብዙውን ጊዜ በጥቂት መስመር ይታለፍና ቶሎ ወደ ዝናው ይኬዳል። ሆኖም ዓለም ያወቀው ያ የተዋሃደ ድምፅም፣ የሳይመን የግጥም ችሎታም፣ ኋላ ላይ ያለያያቸው ቁርሾም የተወለዱት በእነዚሁ የድካም ዓመታት ነው።

ሁለቱም በ1941 የተወለዱ ሲሆን ዕድሜያቸውን የሚለያየው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነው። ከአውሮፓ የፈለሱ አይሁዳውያን ዘሮች ናቸው፤ ያደጉት በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ፣ ኪው ጋርደንስ ሂልስ በሚባል ሰፈር ሲሆን ቤታቸው ተቀራራቢ ነበር። የሳይመን አባት ሉ ሳይመን ቤዝ ተጫዋችና የባንድ መሪ ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። የጋርፈንከል አባት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚሸጡ የሽያጭ ሠራተኛ ነበሩ። ጋርፈንከል ከልጅነቱ ጀምሮ በምኩራብ ያዜም ነበር፤ ድምፁ የጠራና ከፍ ያለ ስለነበር ለትምህርት ቤት ዝግጅቶች እሱ ይመረጣል። ሳይመን በአንዱ ዝግጅት ላይ ሲዘፍን ሰማውና ልጃገረዶቹ ለዘፋኙ ልጅ ያሳዩትን አድናቆትም ልብ አለ። ሙዚቃ እንዲወድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው እንደሆነ ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1953 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳሉ «አሊስ በድንቃ ድንቅ ዓለም» የተባለውን ተውኔት አብረው ሠሩ፤ ሳይመን ነጩን ጥንቸል፣ ጋርፈንከል ድመቱን ሆነው። ጓደኝነቱ ከዚያ ተጀመረ።

ከተውኔቱ በኋላ ሁለቱን ያያያዛቸው ራዲዮ ነበር። ሮክ ኤንድ ሮል ገና እየፈነዳ የነበረበት ጊዜ ነው። በ1957 ኤቨርሊ ብራዘርስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በተቀራረበ ሁለት ድምፅ የዘፈኗቸው ዘፈኖች አገሩን ሞሉት፤ የኩዊንሶቹ ልጆችም እንደ እነሱ መዝፈን ትልቁ ምኞታቸው ሆነ። አንዱ ዋናውን ዜማ ይይዛል፣ ሌላው ከእሱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ጎን ለጎን ይሄዳል። ስልቱ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ሠሪው ግን ትንፋሹን የሚያባክንበት ቦታ የለውም። አንደኛው አንዲት ቃል ቀድሞ ከጨረሰ፣ ወይም አንዱ ፊደል ሲያጠብቅ ሌላው ካላላ፣ ሁለት ሰው መሆናቸው ወዲያው ይታወቃል።

የልምምዳቸው ነገር ቀረብ ብሎ መታየት ያለበት ነው። ጋርፈንከል ቤት ውስጥ አባቱ ያመጡት የድምፅ መቅረጫ ነበር። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ የቀረጹትን መልሰው ያደምጣሉ፣ የተሳሳቱበትን ለይተው እንደገና ይዘፍናሉ። አፍንጫቸው ሊነካካ እስኪቃረብ ፊት ለፊት ይቀመጡና አንዱ የሌላውን አፍ እያየ ከንፈሩ የሚከፈትበትን፣ ምላሱ የሚያርፍበትን ቦታ ይከተላል። ጋርፈንከል ለቁጥርና ለሥርዓት የተለየ ፍቅር ስለነበረው አንዲት ቃል እስክትስተካከል ድረስ መድገም አይሰለቸውም። በዚያ ዕድሜ ራሳቸውን በዚህ መጠን እየቀረጹ የሚመረምሩ ልጆች ብዙ አልነበሩም። ኋላ ላይ በትልልቅ ስቱዲዮዎች የተደነቀው ጥንቃቄ መሠረቱ የተጣለው በዚህ ልምምድ ነው።

የመጀመሪያ ድርሰታቸው በወረቀት የተመዘገበውም በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱ ያወጡትን ዜማ የሳይመን አባት በኖታ በእጃቸው ጽፈው፣ የቅጂ መብቱ እንዲጠበቅ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ላኩት። ልጆቹ ማንሃተን ውስጥ የሙዚቃ ኩባንያዎች የተከማቹባቸውን ሕንፃዎች እየዞሩ በር ማንኳኳት ጀመሩ። ሥራው ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ አንድ ዘፈን ተሰምቶ ሳያልቅ «አመሰግናለሁ፣ ይበቃል» ተብሎ መውጣት የተለመደ ነው።

በ1957 ሌላ ዘፈን ቃላቱ ጠፍቷቸው ለማስታወስ ሲታገሉ «ሄይ ስኩልገርል» የተባለ የራሳቸው ዘፈን ወጣ። በ25 ዶላር ማንሃተን ውስጥ ሳንደርስ በተባለ ስቱዲዮ አስቀረጹት። ሲዘፍኑ ሲድ ፕሮሰን የተባለ አስተዋዋቂ በአጋጣሚ ሰማቸውና ቢግ ሬከርድስ ከሚባል አነስተኛ አሳታሚ ጋር አዋዋላቸው። ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ወላጆቻቸው የነገሩ አካል መሆን ነበረባቸው። ሸክላው ላይ የወጣው ስም ግን የእነሱ አልነበረም። ያን ጊዜ የአይሁድ ስም ለገበያ አይመችም ተብሎ ስለሚታመን፣ ከታወቀው የድመትና የአይጥ የካርቱን ፊልም ተወስዶ «ቶም ኤንድ ጄሪ» ተባሉ። ጋርፈንከል ቶም ግራፍ ሆነ፤ ግራፍ የተባለው የዘፈኖችን የሳምንት ደረጃ በግራፍ ወረቀት እየሳለ የመከታተል ልማድ ስለነበረው ነው። ሳይመን ደግሞ ጄሪ ላንዲስ ሆነ።

የሸክላው መንገድ የዘመኑ የሙዚቃ ገበያ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል። ነጠላ ዜማ ማለት በአንድ ገጹ ተስፋ የተጣለበት ዘፈን፣ በሌላው ገጹ ተጨማሪ የሚቀረጽበት ትንሽ ሸክላ ነበር። ሰው የሚገዛው በራዲዮ የሰማውን ነው፤ በራዲዮ የሚሰማው ደግሞ አቅራቢው የመረጠውን። ስለዚህ ትናንሾቹ አሳታሚዎች ለአቅራቢዎች በድብቅ ገንዘብ ይሰጡ ነበር። ፕሮሰንም በኒው ዮርክ ስመ ጥር ለነበረው ለአለን ፍሪድ 200 ዶላር ሰጠው። ፍሪድ ዘፈኑን ማታ ማታ ያጫውተው ጀመር። ይህ አሠራር ከሁለት ዓመት በኋላ ትልቅ ቅሌት ሆኖ ፍሪድን ከሥራው አፈናቀለው፣ ኮንግረሱም በ1960 በሕግ ከለከለው። በ1957 ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነበር፤ ያለዚያ 200 ዶላር ደግሞ «ሄይ ስኩልገርል»ን ከሰፈራቸው ውጪ የሚሰማው ባልተገኘም ነበር።

ዘፈኑ 100,000 ያህል ቅጂ ተሸጦ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 49ኛ ደረጃ ደረሰ። በኅዳር 1957 ልጆቹ ፊላደልፊያ ሄደው አሜሪካን ባንድስታንድ በተባለው አገር አቀፍ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ፤ በዚያው ዕለት የቀረበው ሌላው እንግዳ ጄሪ ሊ ሉዊስ ነበር። ለሁለት የኩዊንስ ተማሪዎች ይህ እንደ ሕልም ነው። ሕልሙ ግን አልዘለቀም። ተከትለው የወጡት ሸክላዎች አንዳቸውም ሰንጠረዥ ውስጥ አልገቡም፣ ቢግ ሬከርድስም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ልጆቹ በ1958 ትምህርታቸውን ሲጨርሱ እንደ አንድ ዘፈን ዘፋኞች ተቆጥረው ነበር።

ከገበያው ውድቀት ይልቅ የጎዳቸው ሌላ ነገር ነው። በዚሁ ጊዜ ፕሮሰን ሳይመንን ለብቻው ወስዶ ትሩ ቴይለር በሚል ስም ነጠላ ዜማ አስቀረጸው፤ ሳይመን ይህን ሲያደርግ ለጓደኛው አልነገረውም። ጋርፈንከል ሲሰማ ክህደት ሆኖ ተሰማው። ሸክላው አልተሸጠም፣ ሳይመንም አላተረፈበትም፤ ቅሬታው ግን ቀረ። ሁለቱ በስተእርጅናቸው በሰጧቸው ቃለ መጠይቆች እንኳ ያ የልጅነት ጉዳይ መነሳቱ የቁስሉን ጥልቀት ያሳያል። አብሮ የሚዘፍን ሰው የሚያምነው ጆሮውን ብቻ አይደለም፤ ጓደኛው መድረክ ላይ ሳለ እንደማይተወው ማመን አለበት። ያ እምነት ከ1958 በኋላ ሙሉ ሆኖ አልተመለሰም።

ከዚያ የመለያየት ዓመታት መጡ። ጋርፈንከል ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጀመሪያ አርክቴክቸር፣ ቀጥሎ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጠና፤ አልፎ አልፎም አርቲ ጋር በሚል ስም ነጠላ ዜማ ያስቀርጽ ነበር። ሳይመን በኩዊንስ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይማር ጀመር። ለእሱ ግን እውነተኛው ትምህርት ቤት ስቱዲዮ ነበር። አሳታሚዎች አንድን ዘፈን ለታዋቂ ድምፃዊ ለመሸጥ ሲፈልጉ ማሳያ ቅጂ ያስቀርጻሉ፤ ሳይመንም በትንሽ ክፍያ ይህን ይሠራ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ የተዋወቃት ካሮል ኪንግ አንዳንዴ አብራው ትሠራለች፤ እሷ ፒያኖና ድራም፣ እሱ ጊታርና ቤዝ ይጫወታሉ፣ ድምፁን ይከፋፈሉታል። በአንድ የቴፕ ክር ላይ ድምፅ በድምፅ ላይ መደረብን፣ የማይክሮፎን ርቀት ምን እንደሚለውጥ፣ አንድ ዘፈን በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ሰሚውን እንዴት መያዝ እንዳለበት የተማረው እዚያ ነው።

በራሱ ጥረት ግን ምንም አልተሳካለትም። ጄሪ ላንዲስ እያለ፣ ቲኮ ኤንድ ዘ ትራያምፍስ የሚባል ቡድን እየመራ በርካታ ነጠላ ዜማዎች አወጣ። ከእነዚህ ሁለቱ በ1962 እና በ1963 የቢልቦርድን የመቶ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ግርጌ ነክተው ተመለሱ። የዚያ ዘመን ሥራዎቹን ያደመጠ ሰው ምክንያቱን ለማወቅ አይቸገርም፤ እያንዳንዱ በዚያ ወር የተወደደውን ዘፈን ይመስላል። ስለ ሞተር ሳይክል፣ ስለ ታዳጊዎች ፍቅር፣ ስለ ካውቦይ የሚዘፍን፣ እጁ የለመደ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፤ ራሱ ሊናገር የፈለገው ነገር ግን ገና አልተገኘም።

ያ ነገር የተገኘው በ1963 ነው። በኒው ዮርኩ ግሪንዊች ቪሌጅ ቡና ቤቶችና ትናንሽ ክለቦች ውስጥ ፎክ ሙዚቃ ተነስቶ ነበር። ጊታር ብቻ ይዞ ስለ ሰብዓዊ መብት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ብቸኝነት መዝፈን የወጣቱ ቋንቋ ሆነ፤ ቦብ ዲላን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ ዘፈን ከጭፈራ በላይ ሊሸከም እንደሚችል አሳየ። ሳይመን የሚጽፈው ነገር ተቀየረ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ «ሂ ዋዝ ማይ ብራዘር» ሲሆን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁሮች መብት ሲታገል ስለተገደለ ወጣት ይናገራል። ዘፈኑ ከተጻፈ በኋላ፣ በሰኔ 1964፣ የሳይመን የኩዊንስ ኮሌጅ ትምህርት ባልደረባ አንድሩ ጉድማን ጥቁሮችን ለምርጫ ለማስመዝገብ ሚሲሲፒ ሄዶ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ተገደለ። ዘፈኑ ከዚያ ወዲህ ከጉድማን ስም ተለይቶ አልተሰማም።

በዚሁ ጊዜ ሳይመን በወላጆቹ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ መብራት አጥፍቶ፣ የቧንቧ ውኃ ከፍቶ ጊታር የመጫወት ልማድ ነበረው። ሴራሚክ የተለጠፈበት ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ያደምቀዋል፣ የውኃው ድምፅ ደግሞ ሌላውን ጩኸት ይሸፍንለታል። «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሳይለንስ» የተጻፈው በዚህ ሁኔታ፣ በሃያ አንድና በሃያ ሁለት ዓመቱ መካከል ነው። ስንኞቹ ስለሚነጋገሩ ግን ስለማይደማመጡ ሰዎች ናቸው።

ሁለቱ ጓደኛሞች ከብዙ ጊዜ መራራቅ በኋላ ተገናኝተው አዲሶቹን ዘፈኖች አብረው መለማመድ ጀመሩ። ኬን ኤንድ ጋር በሚል ስም፣ ሰኞ ሰኞ ማንም እየወጣ እንዲዘፍን በሚፈቀድበት ገርድስ ፎክ ሲቲ ክለብ ቀረቡ። አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። የቪሌጅ ሰዎች የተጠና፣ የተወለወለ ድምፅ አይወዱም፤ ሻካራና ያልተቀባ ድምፅ እውነተኛ ነው ብለው ያምናሉ። ሁለቱ የኮሌጅ ልጆች ደግሞ እንደ መዘምራን የተስተካከሉ ናቸው፣ ያለፈ ታሪካቸውም የፖፕ ሸክላ ነው። አንዳንዶቹ ዘፈኑን መሳለቂያ አድርገውት እንደነበር የዘመኑ የፎክ ዘፋኞች አውርተዋል። ፍርዱ ትክክል አልነበረም፤ ሰዎቹ ድምፁን እንጂ ግጥሙን አልሰሙትም።

በር የከፈተው ቶም ዊልሰን ነው። ዊልሰን ከሃርቫርድ የተመረቀ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ የሰን ራንና የሲሲል ቴይለርን የጃዝ ሸክላዎች ያሳተመ፣ ኋላም ኮሎምቢያ ሬከርድስ ውስጥ የዲላን ፕሮዲዩሰር የሆነ ሰው ነው። በዚያ ዘመን በትልቅ ኩባንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የያዘ ጥቁር ብርቅ ነበር። ሳይመን በዚያን ጊዜ ለአንድ ዘፈን አሳታሚ ድርጅት እየሠራ የሌሎችን ድርሰቶች በየኩባንያው ይዞ ይዞራል። ዊልሰን ጋር ሲቀርብ ግን የራሱን «ሂ ዋዝ ማይ ብራዘር» አሰማው። ዊልሰን ዘፈኑን ወደደውና ለሌላ ቡድን ሊያደርገው አሰበ፤ ሳይመን ከጓደኛው ጋር ሆነው እንዴት እንደሚዘፍኑት እንዲሰማላቸው ጠየቀ። በፈተናው ዕለት ከድምፅ መቅረጫው ጀርባ የነበረው ሮይ ሄሊ የተባለ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ የሁለቱን ድምፅ ውህደት ወዲያው ከተረዱት አንዱ እሱ ሲሆን ለቀጣዮቹ ዓመታትም አብሯቸው ሠራ። ኮሎምቢያ አስፈረማቸው።

አሁን የስም ጉዳይ እንደገና ተነሳ። ሳይመንና ጋርፈንከል የሚለው የዘፋኞች ሳይሆን የጠበቆች ቢሮ ወይም የሱቅ ስም ይመስላል ያሉ ነበሩ፤ የአይሁድነቱም ነገር በውስጡ አለ። ሆኖም ጊዜው ተለውጦ ነበር። ስለ እውነት የሚዘፍን ሰው በውሸት ስም መጠራቱ አያምርም፤ ኩባንያውም በመጨረሻ ትክክለኛ ስማቸውን ተቀበለ። ከካርቱን ስም ተነስተው እስከዚህ ለመድረስ ሰባት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

«ዌንስዴይ ሞርኒንግ፣ 3 ኤ.ኤም.» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው በመጋቢት 1964 በጥቂት ቀናት ተቀርጾ በጥቅምት ወጣ። በሽፋኑ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ የምድር ባቡር ጣቢያ ሆነው ይታያሉ። ከአስራ ሁለቱ ዘፈኖች አምስቱ የሳይመን ሲሆኑ የቀሩት የሌሎች ሥራዎችና የቆዩ መዝሙሮች ናቸው። «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሳይለንስ» በሁለት ድምፅና ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ድራም ሳይኖረው ተቀርጾበታል። አልበሙ ሲወጣ የተሸጠው 3,000 ቅጂ ያህል ነው። በየካቲት ቢትልስ አሜሪካ ገብተው ነበር፤ የሸክላ ሱቆችም ራዲዮኖችም ለሌላ ነገር ቦታ አልነበራቸውም። ለስላሳ የፎክ አልበም በዚያ ዓመት ማውጣት ክፉ አጋጣሚ ነበር። ጋርፈንከል ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። የሕግ ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠው ሳይመን እንግሊዝ አገር ሄደ። ሁለቱ ተለያዩ፤ ይህ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

እንግሊዝ ለሳይመን መልካም ሆነችለት። ኒው ዮርክ ውስጥ በጥርጣሬ ይታይ የነበረው ዘፋኝ እዚያ ከአሜሪካ የመጣ እውነተኛ የፎክ ሰው ተደርጎ ተቆጠረ። በመጠጥ ቤቶች ፎቅ ላይ ባሉ ክለቦች ለትንሽ ገንዘብ ይዘፍናል፤ ጊታሩን ተሸክሞ በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛል፣ ባገኘበት ያድራል። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ያስጠጋችው አንዲት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ቅጂዎቹን ይዛ ቢቢሲን ወተወተች፤ በ1965 መጀመሪያ ዘፈኖቹ በጠዋት የሃይማኖት ዝግጅት ላይ ተላለፉ። አድማጮች ሸክላው የት እንደሚገኝ እየጠየቁ ስለጻፉ የኮሎምቢያ ሬከርድስ የለንደን ቅርንጫፍ ብቻውን አስቀረጸው። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ ጥቂት ሰዓት፤ «ዘ ፖል ሳይመን ሶንግቡክ» በነሐሴ 1965 ወጣ። እሱም ብዙ አልተሸጠም። ይሁን እንጂ ሁለቱ በቀጣዩ ዓመት የሚታወቁባቸው ዘፈኖች አብዛኛዎቹ በእነዚያ ጉዞዎች የተጻፉ ናቸው። «ሆምዋርድ ባውንድ» የተባለው ወደ ቤት የመመለስ ናፍቆት ዘፈን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ባቡር በመጠበቅ ላይ ሳለ እንደተጀመረ ይነገራል፤ በዊድነስ ጣቢያም መታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሎለታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ የሞተው አልበም ሳይታወቅ እየተነሳ ነበር። ቦስተን ውስጥ አንድ የሌሊት ራዲዮ አቅራቢ «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሳይለንስ»ን ደጋግሞ ያጫውት ነበር፤ የሚያደምጡት የዙሪያው ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ናቸው። በጸደይ ዕረፍት ተማሪዎቹ ወደ ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ ጣቢያዎቹን ያንኑ ዘፈን ጠየቁ። የኩባንያው የሽያጭ ሰዎች ጥያቄውን ወደ ኒው ዮርክ አደረሱት። በ1957 ዘፈኑን በራዲዮ ያሰማው የተከፈለ 200 ዶላር ነበር፤ በ1965 ግን ማንም ያልከፈለበት ዘፈን በጠያቂዎቹ ብቻ ከከተማ ወደ ከተማ ተሸጋገረ።

በዚያ በጋ ዘ በርድስ የተባለው ቡድን የዲላንን ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር ሠርቶ ሰንጠረዡን ይመራ ነበር። ዊልሰን ነገሩን አያይዞ ተረዳው። የድሮውን ክር አወጣና የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ጠርቶ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ደረበበት። ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አልነበረም። ሁለቱ ልጆች በ1964 ሲቀረጹ ምት የሚጠብቅላቸው ድራም ስላልነበረ፣ ስሜታቸው እንደመራቸው አንዳንዴ ይፈጥናሉ አንዳንዴ ይዘገያሉ። ስለዚህ ድራመሩ ምት ሊሰጣቸው ሳይሆን ሊከተላቸው ተገደደ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ በጥንቃቄ የሚሰማ ሰው ዛሬም ባንዱ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ድምፆቹን ሲጠብቅ ይሰማዋል። ሄሊ የገደል ማሚቶ የሚመስል ነጸብራቅ ጨምሮ ሁለቱን ዘመን አዋሐዳቸው። ለዘፋኞቹ ግን የነገራቸው አልነበረም። ሳይመን አውሮፓ ነበር፣ ጋርፈንከል ትምህርት ላይ።

አዲሱ ቅጂ በመስከረም 1965 ወጣ። ሳይመን ዘፈኑ ሰንጠረዥ ውስጥ መግባቱን ያወቀው አውሮፓ ውስጥ እየዞረ በሚዘፍንበት ጊዜ ነው። ሸክላው ደርሶት ሲሰማው ደነገጠ፤ በዚያን ጊዜ ለንደን አብሮት ይኖር የነበረው ዘፋኝ አል ስቱዋርት የሳይመንን መከፋት አስታውሶ ተናግሯል። ቅሬታው ይገባል። የገዛ ሥራው ሳይጠየቅ ተለውጧል። ውጤቱን ስንመለከት ደግሞ ዊልሰን የሠራው ሥራ ዘፈኑን አላበላሸውም፤ በጨለማ ክፍል የተወለደውን ዜማ የአደባባይ ድምፅ ሰጠው። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሳይመን ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ። ወላጆቹ ቤት እያደረ፣ ቋሚ ሥራ ሳይኖረው፣ ከጋርፈንከል ጋር ኩዊንስ ውስጥ መኪና አቁመው ተቀምጠው ሳለ ራዲዮኑ የአገሪቱ አንደኛ ዘፈን የእነሱ መሆኑን አሰማ። ጋርፈንከል ወደ ጓደኛው ዞሮ እነዚያ ሳይመንና ጋርፈንከል ምን ያህል እየተዝናኑ ይሆን አለው። ታሪኩን ሳይመን ኋላ ላይ አውርቶታል።

ኩባንያው ጊዜ አላባከነም። ዊልሰን ከኮሎምቢያ ስለወጣ በሌላ ፕሮዲዩሰር እጅ «ሳውንድስ ኦቭ ሳይለንስ» የተባለ አልበም በጥድፊያ ተቀርጾ በጥር 1966 ወጣ፤ ብዙዎቹ ዘፈኖች ሳይመን ለንደን ውስጥ ለብቻው የቀረጻቸው ነበሩ። «ሆምዋርድ ባውንድ» 5ኛ፣ «አይ አም ኤ ሮክ» 3ኛ ደረጃ ደረሱ። 3,000 ቅጂ ብቻ የተሸጠው የመጀመሪያው አልበም እንደገና ታትሞ 30ኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ በውስጡ የተጨመረ ነገር አልነበረም። ጋርፈንከል ትምህርቱን አላቋረጠም፤ ኮንሰርቱ የሚያዘው ለቅዳሜና እሑድ ሲሆን በ1967 በሒሳብ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ የጠየቁት ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ነው። ማንም ከኋላቸው ሄዶ ድራም እንዳይደርብ የስቱዲዮውን ሥራ ራሳቸው መቆጣጠር ፈለጉ። በጥቅምት 1966 ለወጣው «ፓርስሊ፣ ሴጅ፣ ሮዝሜሪ ኤንድ ታይም» ከሄሊ ጋር ሦስት ወር ያህል ሠሩ፤ ለዚያ ዘመን ረጅም ጊዜ ነው። ድምፃቸውን ደጋግመው እየደረቡ፣ እየጣሉ፣ እንደገና እየቀረጹ፤ በጋርፈንከል ቤት በድምፅ መቅረጫው ፊት ይሠሩት የነበረውን ልምምድ አሁን በኩባንያው ወጪ።

የልጅነት ሸክላዎቻቸው ግን አልተዋቸውም። ሁለቱ ታዋቂ በሆኑ ማግስት ፒክዊክ የተባለ ርካሽ ሸክላ አሳታሚ የቶም ኤንድ ጄሪን የድሮ ቅጂዎች ሰብስቦ፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፋቸውን ሽፋን ላይ አድርጎ እንደ አዲስ አልበም ገበያ አወጣው። ገዢው አዲስ ሥራ መስሎት ገዝቶ በአስራ ስድስት ዓመታቸው የዘፈኑትን ይሰማ ነበር። ሳይመንና ጋርፈንከል ከሰሱ፤ አሳታሚውም አልበሙን ከገበያ አነሳው።